በቴሌቪዥን የታገዘ የሕይወት ክህሎትና የመካሪነት ድጋፍ፦ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ወጣቶች ተሞክሮ

ለችግር ተጋላጭ የሆኑ ወጣቶችን ለመደገፍ ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ወጣቱን ልምድ ካለው መካሪ ጋር ማገናኘት ነው። በአውስትራሊያ ይህ ዘዴ ከቴሌቪዥን ሥርጭት ጋር ተቀናጅቶ ለነባር ሕዝቦች ወጣቶች ተሠርቶበታል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን፣ ጥቅሙንና የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ያብራራል፤ ልጆቻቸው በመሰል መርሐ ግብር እንዲሳተፉ ፈቃድ ለሚጠየቁ ወላጆችና አሳዳጊዎችም ከመወሰናቸው በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያመለክታል።

የሕይወት ክህሎትና መካሪነት ምንድን ናቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት በሕይወት ክህሎትነት ከሚዘረዝራቸው መካከል ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳትና ጭንቀትን መቋቋም ይገኙበታል። እነዚህ ክህሎቶች በንባብ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። ወጣቱ ሌላ ሰው ሲያደርጋቸው አይቶ፣ ራሱ ሞክሮ፣ ሲሳሳትም ታርሞ የሚለምዳቸው ናቸው። መካሪ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። መካሪ ወላጅን ወይም መምህርን አይተካም፤ ወጣቱን በቋሚነት እያገኘ የሚያዳምጥ፣ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳይና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ድጋፉ ያስፈለገበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ አቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ መሆናቸውን የገለጹ አውስትራሊያውያን 812,728 ሲሆኑ፣ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ 3.2 በመቶ ነው። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በመንግሥት ሕግና ፖሊሲ በርካታ የእነዚህ ሕዝቦች ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው በተቋማትና በሌሎች ቤተሰቦች እጅ እንዲያድጉ ተደርጓል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2008 በፓርላማ ተገኝተው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

የመነጠሉ ጉዳት በተነጠሉት ሕፃናት ብቻ አላበቃም። ከአያት ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቋንቋ፣ ሥርዓትና የአስተዳደግ ልማድ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ተቋርጧል። በመንግሥት ተቋማት ላይ የነበረው እምነትም ተሸርሽሯል። በመሆኑም የመካሪነት ድጋፍ ዕውቀት ከማስተላለፍ በፊት እምነትን መልሶ መገንባት ይጠበቅበታል። በ2020 የጸደቀው ብሔራዊ ስምምነት እ.ኤ.አ. እስከ 2031 ድረስ ከ20 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የነባር ሕዝቦች ወጣቶች 96 በመቶ የሚሆኑት 12ኛ ክፍልን ወይም አቻውን እንዲያጠናቅቁ ግብ አስቀምጧል።

አሠራሩ በተግባር

በትምህርት ቤት ላሉ ታዳጊዎች በስፋት ከሚጠቀሱት መርሐ ግብሮች አንዱ በምህጻረ ቃል «ኤይም» የሚባለው ነው። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2005 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከ25 የነባር ሕዝቦች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር በማጣመር ነበር። መካሪዎቹ በዕድሜ ለታዳጊዎቹ የሚቀርቡ በመሆናቸው፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሩቅ ሕልም ሳይሆን የሚቻል ነገር መሆኑን በራሳቸው ማሳየት ችለዋል።

ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘው ምሳሌ ደግሞ ከታዳጊነት ዕድሜ ያለፉትን ወጣቶች የሚመለከተው የነባር ሕዝቦች የማራቶን ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱን የመሠረተው ሮበርት ደ ካስቴላ እ.ኤ.አ. በ1983 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ኢትዮጵያዊውን ከበደ ባልቻን አስከትሎ የማራቶን ወርቅ ያገኘው አውስትራሊያዊ ሯጭ ነው። በ2010 አራት ወጣቶች ተመርጠው ለወራት ከሠለጠኑ በኋላ የኒው ዮርክ ማራቶንን ሮጠው አጠናቀቁ። በዚያው ዕለት በወንዶች ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ነበር፤ ለአራቱ ወጣቶች ግን ግቡ 42.195 ኪሎ ሜትሩን መጨረስ ነበር። ጉዟቸው በዘጋቢ ፊልም ተቀርጾ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ተላልፏል። በቀጣዮቹ ዓመታት ሴቶችም በፕሮጀክቱ ተካተዋል፤ ተሳታፊዎች ከሩጫው ጎን ለጎን የጤና ትምህርት እንዲከታተሉና ሲመለሱ በየአካባቢያቸው ሌሎችን እንዲያነቃቁ ይጠበቃል።

የቴሌቪዥን ድርሻና ወሰኑ

የአገሪቱ የነባር ሕዝቦች ቴሌቪዥን «ኤንአይቲቪ» እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሥርቶ፣ ከታኅሣሥ 12 ቀን 2012 ጀምሮ ያለክፍያ ለመላው አገሪቱ መሠራጨት ጀምሯል። ከተማ ርቆ የሚኖር ታዳጊ እርሱን የሚመስል፣ በእርሱ አነጋገር የሚናገር ወጣት ሥራ ጀምሮ ሲፈጽም በስክሪን ማየቱ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በዳንስ አማካይነት ስለ ጤና የሚያስተምረው «ሙቭ ኢት ሞብ ስታይል» የተሰኘው ዝግጅት ለዚህ ማሳያ ነው፤ በዝግጅቱ የነባር ሕዝቦች ወጣቶች የሚታዩት አስተማሪና አሳታፊ ሆነው እንጂ በችግር ምሳሌነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ አይሰጥም፤ ታዳጊው ከትምህርት ሲቀርም ቤት ድረስ ሄዶ አይጠይቅም። ሥርጭቱ በር ይከፍታል፤ ከበሩ ማዶ የሚጠብቅ መካሪ ከሌለ ግን የተነሣሣው ተስፋ ተመልሶ ይጠወልጋል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በቴሌቪዥን የሚቀርብ ታዳጊ በ15 ዓመቱ የተናገረው ነገር ለዓመታት ሊከተለው ይችላል። ድህነቱ፣ የቤተሰቡ ችግር ወይም ጥፋቱ ብቻ ጎልቶ ከታየ፣ ሊረዳው የታሰበው ዝግጅት ስሙን ያጎድፋል። በአውስትራሊያ ጣቢያዎች ከዝግጅት አስቀድመው በሞት የተለዩ ሰዎች ምስልና ድምፅ ሊኖር እንደሚችል ለነባር ሕዝቦች ተመልካቾች ማሳሰቢያ የሚሰጡት፣ በብዙዎቹ ማኅበረሰቦች ዘንድ የሟችን ምስል ማሳየት ሐዘንን የሚቀሰቅስ በመሆኑ ነው። ይህም ቀረጻ የማኅበረሰቡን ባህልና የሽማግሌዎቹን ምክር ማክበር እንደሚኖርበት ያስገነዝባል።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ከመፈረማቸው በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

• መካሪው ማን ነው? ከልጆች ጋር ለመሥራት ያለው ብቃትና ሥነ ምግባር ተረጋግጧል?
• ቀረጻው ካበቃ በኋላ ድጋፉ ለምን ያህል ጊዜ ይቀጥላል? ኃላፊነቱስ የማን ነው?
• ልጁ ራሱ ተጠይቆ፣ በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶለት ተስማምቷል?
• ልጁ ሐሳቡን ቢለውጥ ከቀረጻው መውጣት ይችላል? ይህስ በጽሑፍ ሰፍሯል?
• ዝግጅቱ ከመተላለፉ በፊት ቤተሰቡ ማየትና አስተያየት መስጠት ይችላል?
• ልጁ በቀረጻ ላይ መታየት ባይፈልግ የመካሪነት ድጋፉን ያገኛል?

ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው ጥያቄ የመርሐ ግብሩን ዓላማ በግልጽ ያሳያል። ድጋፉ የሚሰጠው ልጁ ለካሜራ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ከሆነ፣ ቅድሚያ የተሰጠው ለዝግጅቱ እንጂ ለልጁ አይደለም። ልጁ ሳይቀረጽም መካሪውን የሚያገኝ ከሆነ ግን ቀረጻው በልጁ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ተጨማሪ ዕድል ይሆናል። ወላጆችና አሳዳጊዎችም ለጥያቄዎቹ ግልጽና በጽሑፍ የተደገፈ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ፊርማቸውን የማዘግየት ሙሉ መብት አላቸው።