የአበባ ቀለማት ፀረ-ኦክሲደንትና ፀረ-ብግነት ባሕርያት፦ አጭር ዳሰሳ

የአበባን ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ መልክ በአብዛኛው የሚያስገኙት አንቶሲያኒን የተባሉት፣ ፍላቮኖይድ በሚል የወል ስም ከሚታወቀው ሰፊ የዕፅዋት ውሑዶች ወገን የሚመደቡ ቀለሞች ሲሆኑ፣ ቢጫውና ብርቱካናማው መልክ ብዙውን ጊዜ በቅባት ከሚሟሙት ካሮቲኖይዶች ይመጣል። የሕክምና ተመራማሪዎችን የሳበው የእነዚህ ውሑዶች ኬሚካዊ ጠባይ ነው። ሕዋስ ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ ነጻ ራዲካል የሚባሉ፣ ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን የያዙና በአቅራቢያቸው ያለውን ሁሉ የሚጎዱ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ፍላቮኖይድ የሃይድሮጅን አቶም ለራዲካሉ ሰጥቶ ስለሚያበርደው ፀረ-ኦክሲደንት ተብሏል። ብግነትም፣ ማለትም አካል ለጉዳት ወይም ለተሕዋስያን ወረራ የሚሰጠው የማበጥ፣ የመቅላትና የማቃጠል ምላሽ፣ ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የመከላከያ ሕዋሳት ራዲካሎችን እንደ መሣሪያ ሲረጩ፣ የተረጩት ራዲካሎች ደግሞ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለውን የብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን መልሰው ሊያነቁት ይችላሉና።

በካሞማይል አበባ ውስጥ ያለው አፒጀኒን በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ይህን ፕሮቲን እንደሚገታ ታይቷል። የካሞማይልን ዘይት ሰማያዊ የሚያደርገው ካማዙሊን ግን በትኩሱ አበባ ውስጥ የለም፤ ማትሪሲን የተባለው ቀለም አልባ ውሑድ በእንፋሎት ሲነጠር ተለውጦ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በሻይ መልክ የሚጠጣው ካሞማይልና ተነጥሮ በዘይት መልክ የሚቀባው እንደ አንድ መድኃኒት ሊቆጠሩ አይገባም፤ ብዙ ጽሑፎች ግን ይህን ልዩነት ይዘሉታል።

የዘርፉ ትልቁ ድክመት የሙከራ ቱቦን ውጤት በሰው ላይ እንደታየ ፈውስ መውሰድ ነው። አንቶሲያኒን በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ሲሆን፣ የገባውንም ጉበት፣ የቀረውንም የአንጀት ባክቴሪያ ይለውጡታል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን ፀረ-ኦክሲደንት አቅም በቁጥር ያስቀመጠበትን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ያነሣው ቁጥሮቹ ለሰው ጤና ያላቸው ትርጉም ስላልተረጋገጠ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1994 ይፋ በሆነውና 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት የፊንላንድ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን ካሮቲኖይድ በእንክብል የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

በሰው ላይ በወጉ ከተፈተኑት አንዱ፣ ለገበያ ከሜክሲኮ ማሪጎልድ አበባ በብዛት የሚወጣው ሉቲን ነው፤ በ2013 የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ጥናት፣ በዕድሜ ምክንያት ለሚመጣ የዓይን ሕመም በሚሰጠው ድብልቅ ውስጥ ቤታ ካሮቲንን ሊተካ እንደሚችል አሳይቷል። በኢትዮጵያም የሚጠጣው ከርከዴ፣ ቀይ አንቶሲያኒኑን ከአበባው ሥር ካለው ሥጋማ ሽፋን የሚያገኝ ሲሆን፣ በ2010 በታተመ 65 ሰዎች በተሳተፉበት የስድስት ሳምንት ጥናት የላይኛውን የደም ግፊት በ7.2 ነጥብ ሲቀንስ፣ የማነጻጸሪያው መጠጥ የቀነሰው በ1.3 ብቻ ነበር። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን በከርከዴ ሊተካ አይገባም።