ኦራል በጨረታ መግዛት ያዋጣል ወይ?

ካዛንቺስ ሳለን አጥር ለአጥር የምንጎራበት አንድ አባት ባለፈው ሰሞን ደወሉልኝ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሄደናል፤ ስልኩ ግን አልተቋረጠም። ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ገንዘብ ነክ ነገር ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።

«ልጄ፣ የጨረታ ማስታወቂያ አይቼ ነው» አሉኝ። «ኦራል ይሸጣል። ዋጋው ከአሮጌ ሚኒባስ አይበልጥም አሉኝ። ገዝቼ ከጎጃም እህል ባመላልስበትስ?»

«ጋሼ፣ እባክዎ ቸኩለው ሲፒኦ እንዳያሠሩ» አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሟት ገንዘብ ናትና የስልኩ መልስ አልበቃኝም። ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ለሁሉም እንዲሆን እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ መኪናውን እንወቀው። በእኛ አገር ወታደር የሚጭን ረጅም መኪና ሁሉ «ኦራል» ይባላል። እውነተኛው ኦራል ግን በ1969 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተወዳጀን በኋላ ከዚልና ከጋዝ 66 ጋር በብዛት የገባው ኡራል ነው። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። አሮጌው ኡራል 375 ባለ 7 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ 180 የፈረስ ጉልበት። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተሠራው ኡራል 4320 ደግሞ የካማዝ ናፍጣ ሞተር ተገጥሞለታል። ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። የገዢው ኪስ ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ወር ያውቀዋል፤ የቤንዚኑ ኡራል በፋብሪካው መለኪያ እንኳ ለ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ይፈጃል። ጭኖ የዓባይን በረሃ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚጨምር መገመት አያቅትም።

ጦር ያመጣውን መኪና ሲቪል ሲወርሰው የመጀመሪያው አይደለም። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ላንቻ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከመኪና ፋብሪካው ከላንቺያ ነው። የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ፊያትና ላንቺያ ካሚዮኖቹን እየነዳ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪናው፣ መካኒኩና ቋንቋው እዚህ ቀሩ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የምንለው ለዚህ ነው። እነዚያ መኪኖች ሰው ያበሉት ጠንካራ ስለነበሩ ብቻ አልነበረም። የሚጠግናቸው እጅና የሚተካላቸው ዕቃ አብሯቸው ስለነበረ ነው። ፊሊፒንስም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትተውት የሄዱትን ጂፕ የማኒላ ሰዎች አስረዝመው ጂፕኒ የተባለ የሕዝብ ማመላለሻ አደረጉት። ከ600 ሺህ በላይ የተሠራ መኪና በመሆኑ ዕቃው አላስቸገራቸውም። በተቃራኒው አስመራ ዳር የተከመረውን የታንክና የካሚዮን መቃብር ያየ ሰው፣ ዕቃና ጠጋኝ ያጣ የጦር መኪና ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ስለዚህ ጋሼን የጠየቅኳቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋው አልነበረም። «ጎማው ስንት ቁጥር ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ዚል 131 የሚያደርገው 12.00 በ20 ዛሬ ሲኖትራኩ ሁሉ ከሚያደርገው ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ የትም ጎማ ቤት ይገኛል። ኡራል የሚፈልገው 14.00 በ20 ነው፤ እሱን ለማግኘት ደላላ ማሯሯጥ ይጠይቃል፤ የሚፈለገው ደግሞ ስድስት ጎማ ነው፣ ተቀያሪውን ሳይጨምር። የጋዝ 66 ባለ 18 ቸርኬ ከሁሉም ይብሳል። ለሌላው መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ገብቶ ሦስት ሱቅ መጠየቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ሦስቱም «ይፈለጋል፣ ቆይተህ ደውል» ካሉ መልሱ ተገኝቷል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል።

«ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው» የሚለው ማባበያም አለ። የጦር መኪና ብዙ ጊዜ ትንሽ ይነዳል፣ ብዙ ዓመት ይቆማል። የቆመ መኪና ግን አርፎ አይቀመጥም፤ ጉርኒሲዮኑ ይደርቃል፣ የፍሬኑ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ለማየት ሲኬድ በጦሩ ጋራዥ ያገለገለ ጡረተኛ መካኒክ ይዞ መሄድ ነው። የቀን አበል ከፍለውትም ቢሆን ርካሽ ነው።

አሁን ስለ ጨረታው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የማይፈልጉትን ንብረት የሚያስወግዱበት ሥርዓት በግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ተደንግጓል፤ ማስታወቂያዎቹን ሰው ለዓመታት ሲከታተል የኖረው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። በተለመደው አካሄድ ሰነድ ይገዛል፣ ንብረቱ ባለበት ግቢ ይታያል፣ ማስከበሪያው በሲፒኦ ይያዛል፣ ዋጋው በታሸገ ፖስታ ይገባል። ሐራጅ ከሆነ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት እየተጠራራ ይጫረታል። ሰነዱ ውስጥ «ባለበት ሁኔታ» የምትለው ሐረግ ከሁሉም በላይ መነበብ አለባት። ትርጉሟ ቀላል ነው፤ ካምቢዮ የለውም ብሎ ተመልሶ መክሰስ የለም። አሸንፎ በቀኑ ያልከፈለ ማስከበሪያውን ያጣል፤ ከፍሎ ያላነሣም የማቆያ ሊጠየቅ ይችላል። መኪናው የማይነሣ ከሆነ የሎቤድ ኪራይ ይጨመራል።

ከዚያ ወረቀቱ አለ። ሊብሬ የሌለው መኪና ብረት ነው። የጦር መኪና በሲቪል መዝገብ ላይኖር ስለሚችል ሻጩ የሚሰጠው ደብዳቤ ለምዝገባ ይበቃ እንደሆነ ከጨረታው በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑን በዓይን አይቶ በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው። ቀረጡም እንዲሁ፤ ሳይከፈልበት የገባ መኪና መብት ወደሌለው ሰው ሲዛወር ቀረጡ ይመጣል፤ ካዛንቺስ አካባቢ ካሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች መኪና የገዛ ሰው ይህንን በደንብ ያውቀዋል። የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ መግጠምም ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሲቀየር ሊብሬውም መታረም አለበት፣ ያለዚያ ቦሎ ላይ ችግር ይመጣል።

ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸውና አንባቢው በራሱ ዋጋ ይተካቸው። ኦራሉ ተጠግኖ መንገድ ላይ እስኪወጣ 800 ሺህ ብር ፈጀ እንበል። በሌላ በኩል ደህና ያገለገለ አይሱዙ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። ያንን ከባንክ በ18 በመቶ ቢበደሩት የዓመት ወለዱ 576 ሺህ ብር ይሆናል። ኦራል የሚያተርፍልን ይህንን ነው፤ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሁን የሚያስከፍለንን እንይ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ስሌቱ እንዲቀል ለቤንዚኑም ለናፍጣውም 100 ብር እንያዝ። ኦራሉ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር፣ አይሱዙው 25 ሊትር ቢፈጅ፣ ኦራሉ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 25 ብር ተጨማሪ ያቃጥላል። 576 ሺህን ለ25 ስናካፍል 23 ሺህ 40 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በዓመት ከዚያ በላይ የሄደ ኦራል በርካሽነቱ ያተረፈውን በነዳጅ በልቶታል። አሮጌ መኪና ነውና ለጥገና በዓመት 250 ሺህ ብር ተጨማሪ ብንይዝለት ወሰኑ ወደ 13 ሺህ 40 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ደሴ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ አሥራ ስድስት ምልልስ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመላለስ ሰው በአራት ወር ይጨርሰዋል።

ጭነቱን ገና አልቆጠርኩም። ኡራል 375 የሚሸከመው 5 ቶን ገደማ ነው፤ አይሱዙው 7 ቶን ቢጭን፣ ደሴ ድረስ ለአንድ ቶን የሚወጣው ነዳጅ በኦራል 4 ሺህ ብር፣ በአይሱዙ 1 ሺህ 430 ብር ገደማ ይሆናል። እህል ነጋዴው ኪራይ የሚከፍለው በኩንታል ነው፤ መኪናው ሦስት እጥፍ ስለጠጣ ሦስት እጥፍ አይከፍልም። ወደ ጎጃምም ቢሆን ስሌቱ ያው ስለሆነ የእህሉ ሐሳብ እዚህ ላይ ወደቀ።

ያው ሒሳብ ግን የሚያዋጣውንም ቦታ ያሳያል። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ፣ መሬቱ ክፉ የሆነ ሥራ ከተገኘ የነዳጁ ጉዳይ ይቀላል። የግንባታ ቦታ ላይ ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ፣ የጉድጓድ መቆፈሪያ ተሸካሚ፣ ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና የሚጎትት ባለ ሽቦ፣ መንገድ ካልገባበት የድንጋይ ካባ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ የሚያወጣ። ኦራል በስድስቱም እግሩ የሚገፋ መኪና ነው፤ ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ውስጥ ሌላው ሲቀር እሱ ይወጣል። በዓመት 5 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሠራ ቦቴ ከሆነ ተጨማሪ ነዳጁ 125 ሺህ ብር ነው፤ ጥገናው 250 ሺህ ቢጨመርበት እንኳ ከወለዱ በታች ነው። ከዚህ ወጥቶ ኦራልን አዲስ አበባ ውስጥ ለማመላለሻ ለሚያስብ ግን፣ ከባድ ጭነት መኪና በቀን ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የተጣለው ገደብ ብቻውን ይበቃዋል።

ስንት ይጻፍ የሚለው ቀረ። በታሸገ ፖስታ ጨረታ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። አሥር ሰው አንዱን መኪና አይቶ ሲገምት ግማሹ ከእውነተኛው ዋጋ በታች፣ ግማሹ በላይ ይጽፋል፤ የሚያሸንፈው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የገመተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች ይህንን በነዳጅ ጉድጓድ ጨረታ ላይ አሳይተው ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ «የአሸናፊ እርግማን» ይባላል። እኔ የምመክረው ከታች መነሣትን ነው። ባዶ ኡራል 8 ቶን ገደማ ይመዝናል። ምናለሽ ተራ የብረት ኪሎ ዋጋ ጠይቆ፣ በኪሎው አባዝቶ፣ የመቁረጫና የማጓጓዣ ወጪ መቀነስ ነው። ያ ወለሉ ነው፤ መኪናው ባይነሣ እንኳ የሚመለሰው ገንዘብ። ከወለሉ በላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ብር መካኒኩ ባየው፣ ጎማ ቤቱና ሶማሌ ተራው በመለሱት መልስ መደገፍ አለበት።

ጋሼ እህሉን ትተው ስለ ቦቴ ማሰብ ጀምረዋል፤ ልጃቸው ግንባታ ላይ ስለሆነ ሥራው አለ። ባለፈው ቅዳሜ መካኒክ ይዘን ግቢው ድረስ ሄደን አየነው። ሞተሩ ቤንዚን ነው፤ ከስድስቱ ጎማ ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል። ማታ ቁጭ ብለን የብረቱን ዋጋ ጻፍን፣ መኪናው ተጠግኖ ከሚያወጣው ላይ የአራት ጎማና የፍሬን ዕቃ ወጪውን ቀነስን፣ ከዚያም በፖስታው ላይ የሚገባውን ቁጥር ወሰንን። መጀመሪያ በስልክ ከነገሩኝ ግማሽ አይሞላም። «በዚህማ አናሸንፍም» አሉኝ። «ላናሸንፍ እንችላለን ጋሼ» አልኳቸው፤ ፖስታውንም አሸግነው።