«የጭንቅላት ነው አሉኝ»፦ ስለ ከረመ ሕመምና ስለ ሐኪሞቹ የሚወራውና እውነቱ

ድንች መቆፈርና ጤፍ ማረም ወገብ ይቆርጣል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ዛፍ ቆርጦ ከሰል የሚያከስል ሰው ደግሞ ትከሻውም ጉልበቱም ያልቃል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ «ወገቤን» ላለ ሰው ምክር ሞልቷል፦ «ብርድ ነው»፣ «መርፌ ተወጋ»፣ «ወጌሻ ይይህ»። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሐኪሙ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲልክ የሚሰማው ነው፦ «አላመኑህም፤ የጭንቅላት ነው እያሉህ ነው።»

ይህ ወሬ የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ሕመምን የሚያሰማን አንጎል ነው፤ ያ ግን ሕመሙን ውሸት አያደርገውም። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱን ሲያመው አስመሳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እንዳስረዱት፣ ሕብለ ሰረሰር ከሰውነት የሚመጣውን የሕመም ምልክት እንደ በር ያሳልፋል ወይም ይገታል፤ ፍርሃትና ጭንቀትም ከላይ ሆነው በሩን ሊከፍቱት ይችላሉ። ዝርዝሩ በኋላ ቢሻሻልም ዋናው ሐሳብ ጸንቷል። ሜልዛክ ራሱ ሳይኮሎጂስት ነበር። እንግዲህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌላው ሐኪም ሲሰለች የሚጠራ ሰው ሳይሆን ከሕመም ሕክምና መሥራቾች ወገን ነው።

ብዙ ባለሙያ አንድን ሕመምተኛ አብሮ የማከሙን አሠራር ያስፋፋው ጆን ቦኒካ ደግሞ የሰመመን ሐኪም ነበር። የሕክምና ትምህርቱን የተማረው በትግል ውድድር እየተከፈለው ነው፤ ትግሉ ያተረፈለት ሕመምም እስከ እርጅናው አልለቀቀውም። «ሰመመን ሰጪ ሥራው ኦፕራሲዮን ክፍል ብቻ ነው» ለሚል ሰው መልሱ እሱ ነው፤ የሠለጠነ ሐኪም ነርቭ አጠገብ ማደንዘዣ ወግቶ ሕመሙን ለጊዜው ሊያቋርጥ ይችላል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ምን ያደርጋል? ይጠይቃል፦ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ያምሃል? ሌሊት ትተኛለህ? ፈርተህ የተውከው ሥራ ምንድን ነው? ሕመሙ ቀለል ያለ ቀን ማሳውን ልጨርስ ብሎ እስኪወድቅ የሚቆፍር፣ ከዚያ ሦስት ቀን የሚተኛ ገበሬ ብዙ ነው። ባለሙያው ሥራውን ይከፋፍልለታል፦ ሃያ ደቂቃ ቆፍር፣ ባያምህም ቀና በል፣ ተንጠራራ፣ ከዚያ ቀጥል። ፊዚዮቴራፒስቱ የደከመውን ጡንቻ ያጠነክራል። «ወገብ ያመመው ይተኛ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ብዙ መተኛት ጡንቻን ያሟሽሻል፣ ሕመሙንም ያራዝማል።

አሚትሪፕቲሊን የታዘዘለት ሰው ደግሞ «የእብድ መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ ይጥለዋል። መድኃኒቱ ለድባቴ የተሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ በአነስተኛ መጠን ግን፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ማታ ማታ ተጀምሮ፣ የነርቭ ሕመምን ያስታግሳል፤ ለምሳሌ ስኳር ያለበትን ሰው እግር የሚያቃጥለውን። እንቅልፍና የአፍ መድረቅ ያመጣል። በራስ ፈቃድ መጀመርም ማቆምም አይገባም።

መርፌውስ? ዳይክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻ መርፌ ሕመሙን ያቀልላል እንጂ መንስኤውን አያድንም። ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ያለቦታው መቀመጫ ላይ የተወጋ መርፌም የእግር ነርቭን ሊያበላሽ ይችላል።

«ኤምአርአይ ሳልነሳ አልታከምም» ብሎ በሬ የሚሸጥ ሰው ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፊልም አይቶ ነበር፤ ከ20 ዓመት ወጣቶች በ37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች በ96 በመቶው የአከርካሪ ዲስክ ማርጀት ተገኝቷል። ፊልሙ ላይ ዲስክ ታየ ማለት የሚያመው እሱ ነው ማለት አይደለም።

ፀበልን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም፤ የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አያቋርጥ። ወጌሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከፈረስ የወደቀ ሰው እጁ ወይም እግሩ ተሰብሮ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ቢታሰር፣ ደም ተቋርጦ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስራቱ ወዲያው ተፈትቶ ሆስፒታል ይሂድ።

«የሕመም ክሊኒክ» የሚል ታፔላ በየሆስፒታሉ በር ላይ ስለሌለ ሥራው የለም ማለት አይደለም። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሆስፒታል ይታይ፤ ካስፈለገ ሪፈር አጽፎ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይድረስ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ እግሩ የዛለ ወይም ብልቱ አካባቢ የደነዘዘ ሰው ግን የቀጠሮ ወረፋ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግባ።