ሚዛኑ ጨመረ፤ ጡንቻውስ?



ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በእግሩ ወርዶ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ዳገቱን መልሶ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። ይኸው ሰው ደብረ ብርሃን ገብቶ ሱቅ ቢከፍትና ቀኑን ወንበር ላይ ቢያሳልፍ በዓመቱ ኪሎ ይጨምራል። ዘመድ ሲያየው «ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል» ይለዋል። የጨመረው ግን ምንድን ነው?

በጤና ተቋማት የለመድነው ስሌት (ቢኤምአይ) ክብደትን በኪሎ ይወስድና ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍላል። ሐሳቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመነጨው ቤልጂጋዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። እሱ ያጠና የነበረው የሕዝብን አማካይ ነው እንጂ የአንድን ሰው ጤና አልነበረም። ስሌቱ ስብንና ጡንቻን አይለይም። የሰውነት ቅርጽም ያሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግራቸው ረዘም ያለ የአርብቶ አደር ልጆች በክብደትና ቁመት ንጽጽር ሲለኩ በምግብ እጥረት የተጎዱ መስለው የሚቆጠሩት ይበዛሉ። የክንድ ዙሪያ ልኬት ግን በቅርጽ ያን ያህል አይታለልም።

ስለዚህ የስፖርት ባለሙያዎች መጀመሪያ ስቡን ይቀንሳሉ፤ ቀሪውን በዚያው በቁመቱ ቁጥር ያካፍላሉ። ቀሪው አጥንትንና ውሃን ስለሚጨምር ንጹሕ ጡንቻ አይደለም፤ ለውጡን ለመከታተል ግን ይበቃል።

የባለሱቁን ነገር በምሳሌ እናስላው። ቁመቱ 1.70 ሜትር ነው እንበል፤ በራሱ ሲባዛ 2.89 ይሆናል። ሲመጣ 62 ኪሎ ነበር፤ ከዚህም 15 በመቶው ስብ። ከስብ ውጭ 52.7 ኪሎ ይቀረዋል፤ ለ2.89 ሲካፈል 18.2። ከዓመት በኋላ 66 ኪሎ ሆነ፣ ስቡም 22 በመቶ ደረሰ። ቀሪው 51.5 ኪሎ ነው፤ ውጤቱ 17.8። በተለመደው ስሌት ከ21.5 ወደ 22.8 ስለሄደ ሁለቱም ጊዜ «ጤናማ» ይባላል። አራት ኪሎ ጨምሮ ጡንቻው ግን ቀንሷል።

በአውሮፓውያን ላይ በተሠራ ጥናት ክብደታቸው መካከለኛ የሆነ ወንዶች ከ17 እስከ 20፣ ሴቶች ከ15 እስከ 17 ገደማ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስቴሮይድ ያልወሰዱ ወንድ ስፖርተኞች ከ25 ብዙም አላለፉም። በስልኩ የሚያየውን ገላ ለሚመኝ ወጣት ይህ ቁጥር ብዙ ይነግረዋል።

አስቸጋሪው ስቡን ማወቁ ነው። በየጂሙ ያለው የኤሌክትሪክ ሚዛን በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል። ጡንቻ ብዙ ውሃ ስላለው ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ ስብ ይከለክላል፤ ሚዛኑም ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። እንግዲህ የሚለካው ውሃን ነው ማለት ይቻላል። በረመዳን ከመግሪብ በፊት የሚለካ ሰው ውሃ ስለጎደለው ስቡ የበዛ፣ ጡንቻው ያነሰ ሊመስል ይችላል። ውዱእ አድርጎ እግርን ሳያደርቁ መውጣትም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ያቀዘቀዘው እግርም ንባቡን ይለውጣሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ በደረቅ እግር መለካት ነው፤ ከወር ወር ያለውን አካሄድ እንጂ የአንድ ቀንን ቁጥር አለማመን። ነፍሰ ጡሮችና ልባቸው ላይ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎች በዚህ ሚዛን ባይወጡ ይሻላል።

ጂም ለማይመቻቸው እህቶች የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ክንድን በትከሻና በክርን መሐል፣ ባትን በሰፊው ቦታ ላይ፣ ያለ ጋቢና ያለ ወፍራም ልብስ እቤት መለካትና ቀኑን ጽፎ መያዝ ነው።

ለእኔ ግን ይህ ልኬት ከወጣቶቹ ይልቅ የሚያስፈልገው በመስጂዳችን ከሱጁድ መነሳት እያቃታቸው ወደ ወንበር ለተሸጋገሩት አባቶችና እናቶች ነው። ሁሉም በጉልበት ሕመም አይደለም፤ ጡንቻቸው ሳይታወቅ ያለቀም አሉ። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መመሪያ አምስት ጊዜ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ ተነስቶ መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ጡንቻው መድከሙን ያመለክታል፤ በአረጋውያን የባት ዙሪያ ከ31 ሴንቲ ሜትር ማነሱም እንዲሁ። ከዒሻ ሰላት በኋላ በስልክ ሰዓት ሊሞከር የሚችል ነው። ውጤቱ ከዚህ ከከፋ፣ በተለይም ክብደታቸው በቅርቡ ከቀነሰ፣ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ ስኳርና ሌላ ሕመምም ጡንቻ ያከሳል።