አስም ያለባቸው ልጆች የትንፋሽ ልኬት በደጋ

የአስም ሕመም የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፣ ያጠብባልም፤ ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ግን በሳንባ ምችም ይመጣሉ። ስለዚህ አየሩ ከሳንባ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ መለካት ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

የተሟላውን መረጃ የሚሰጠው ስፓይሮሜትሪ ነው። መነሻው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው መሣሪያ ነው። ልጁ አየሩን በደንብ ይስብና እስኪያልቅበት ድረስ በሙሉ ኃይሉ እፍ ይላል፤ መሣሪያው በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣውንና ጠቅላላውን መጠን ይመዘግባል። አስም ይበልጥ የሚቀንሰው የመጀመሪያውን ሰከንድ ልኬት ነው። ሳልቡታሞል ከተሰጠ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይህ ልኬት ከ12 በመቶ በላይ ካደገ፣ ጥበቱ በመድኃኒት የሚፈታ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም የአስም ዋና ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ብዙ ልጆች ትእዛዙን ተከትለው መንፋት ይቸግራቸዋል።

ለእነዚህ የሚመቸው ኦሲሎሜትሪ ነው። ልጁ እንደ ወትሮው ሲተነፍስ መሣሪያው ረቂቅ የአየር ሞገድ ወደ ሳንባው ይልካል፤ ቧንቧው ለሞገዱ ያለውን ተቃውሞም ይለካል። ዋጋው ውድ ስለሆነ በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ማዕከላት ነው።

ፒክ ፍሎው ሜትር በእጅ የሚያዝ፣ ኤሌክትሪክ የማይሻ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ማርቲን ራይት ሲሆን፣ የሚለካው የትንፋሹን ከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ነው። የትንንሾቹን ቧንቧዎች ጥበት ሊስት ይችላል፤ ልጁ ለስለስ አድርጎ ከነፋም ቁጥሩ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ትልቁ ይያዛል። እንዲህም ሆኖ በዙሪያው ካሉት ከእስቴና ከፋርጣ ገጠር ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ ለሚመላለስ ቤተሰብ በየቀኑ ቤት ውስጥ የሚለካ ሌላ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል።

ደጋው ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በከተማዋ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። የሳሳው አየር የፒክ ፍሎውን ጠቋሚ በሚገባ ስለማይገፋው፣ የተለመደው ዓይነት መሣሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያነባል። ይህ ንባብ ለቆላ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ቢመዘን ጤነኛ ልጅ ታማሚ ሊመስል ይችላል። ስፓይሮሜትርም የክፍሉ ሙቀትና የአየር ግፊት ሊገባለት፣ በ3 ሊትር ሲሪንጅም ትክክለኛነቱ በየዕለቱ ሊፈተሽ ይገባል።

የማነጻጸሪያ ቁጥርም ሌላ ጉዳይ ነው። መንገሻና የዓለምፀሐይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1985 ቶራክስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት የማያጨሱ ኢትዮጵያውያን ልኬት የአዋቂዎች ነው፤ ለልጅ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ ቀመር ከ3 ዓመት ጀምሮ ቢያገለግልም፣ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በቂ መረጃ አልገባበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ልጁን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው። ደህና በሆነበት ሰሞን፣ ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት ያህል ተለክቶ የተገኘው ትልቁ ቁጥር መለኪያው ይሆናል። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው የጠዋትና የማታ ልዩነት በአማካይ ከ13 በመቶ ካለፈ አስምን ያስጠረጥራል፤ ልኬቱ ከራሱ ትልቅ ቁጥር ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ አደጋ ነው። የእንጨትና የኩበት ጭስ በበዛበት ቤት፣ እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ቁጥሩ መውረዱን ማየት ወላጅን መስኮት ከመክፈት አልፎ ማብሰያውን ከመኝታው ወደ መለየት ይመራል።

በደህናው ቀን ልኬቱ ጥሩ መሆኑ አስም የለም አያሰኝም። ሌሊት የሚያስለው ልጅ በታመመበት ቀን እንደገና ይለካ። መናገር እስኪያቅተው ትንፋሽ ካጠረው ግን ልኬት አይጠበቅም፤ ሳልቡታሞሉ ተሰጥቶት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።