«ዳቦው ይበርክት»፤ የኤስቶንያ ባላገሮች ኑሮና እምነት በቀድሞ ዘመን

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው የጌቶቹን ዜና ብቻ ሳይሆን፣ ገበሬው እህሉን እንዴት አድርጎ እንደሚያከብር ሊመረምር ይገባዋል። በሰሜን አውሮፓ፣ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኘውን ኤስቶንያን በ13ኛው መቶ ዓመት ጀርመኖችና ዴንማርኮች በሰይፍ ያዟት፤ በኋላም ስዊድንና ሩስያ ተፈራርቀው ገዟት። ገዢው ቢለዋወጥም መሬቱ በአብዛኛው በጀርመናውያን መኳንንት እጅ ቆየ፤ ባላገሩም ከርስቱ ወደ ሌላ ሊሄድ የማይችል፣ ጌታው ቢፈቅድ የሚሸጥ ጭሰኛ ሆኖ ኖረ።

የዚህ ባላገር ቤት አሠራር ኑሮውን ይናገራል። ግድግዳው ከተጋደመ ግንድ፣ ክዳኑ ከገለባ ወይም ከሸምበቆ የሆነ ረጅም ቤት ሲሆን፣ በውስጡ ጢስ መውጫ የሌለው ትልቅ የድንጋይ ምድጃ ነበረ። የመከሩ ወራት እርጥበት የበዛበት ስለ ሆነ፣ ነዶው ከጣራው በታች በተጋደሙ እንጨቶች ላይ ተደርድሮ በምድጃው ሙቀትና ጢስ ይደርቃል፤ ከዚያም ከክፍሉ ቀጥሎ ባለው አውድማ ይወቃል። በብርዱ ወራት ወላጆችም ልጆችም በዚያው ክፍል ይበላሉ፣ ይሠራሉ፣ ይተኛሉ። ቤቱ ከሰው ይልቅ ለእህል የተሠራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ምግቡም ራይ ከተባለው የስንዴ ዘመድ እህል የተጋገረ ጥቁር ዳቦ፣ የገብስ ገንፎና በጨው የተቀመጠ ትንሽ የባሕር ዓሣ ነበረ። እህል ባጠረ ዓመት ዱቄቱ ከእብቅ ጋር ይቀላቀል ነበር። ስለዚህ በዳቦው ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ፤ ቁራሽ ከመሬት ቢወድቅ አንሥተው ይስማሉ፤ ሲበሉ የደረሰ ሰውም «ዳቦው ይበርክት» ብሎ ይመርቃል።

የረኃብ ፍርሃት ግን አጉል እምነትንም ይወልዳል። «ክራት» የሚባለውን ፍጡር ስስታም ሰው ከአሮጌ ዕቃ ስብርባሪ ይሠራውና፣ ለሰይጣን ሦስት ጠብታ ደም ሰጥቶ ነፍስ ያስዘራበታል ይሉ ነበር። ክራት ከጎረቤት ጎተራ እየሰረቀ ጌታውን ያበለጽጋል፤ ሥራ ያጣ ዕለት ግን በጌታው ላይ ይነሣል። መገላገያው የማይቻል ሥራ ማዘዝ ነው፤ ለምሳሌ ከዳቦ መሰላል እንዲሠራ። ተረቱ በሰው እህል የከበረ ሰው መጨረሻው እንደማያምር ያስተምራል፤ ይሁን እንጂ በድካሙ የከበረው ገበሬም በዚሁ ይታማ ነበር።

በእኛም ዘንድ የተወደደው ቅዱስ ጊዮርጊስ የከብቶች ጠባቂ ሆኖ ይከበራል። በበዓሉ ሰሞን፣ በአፕሪል 23 ቀን፣ ከብት ወደ መስክ ይወጣል፤ ተኵላዎችም የቅዱሱ ውሾች ናቸው ይባል ነበር። በኖቬምበር አካባቢ ደግሞ «የነፍሳት ጊዜ» ይደርሳል። አባወራው ማዕድ አሰናድቶ የሞቱትን ዘመዶች በየስማቸው ይጠራል፤ ጸጥታው እንዳይታወክ ፈትል እንኳ አይፈተልም። የሉተራን ቀሳውስት ይህን ልማድ ይገሥጹ ነበር። ሙታን ዳቦ አይሹም፤ ነገር ግን ስሙ በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈው ድኻ በልጁ ማዕድ ይታወስ ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. በሰሜኑ፣ በ1819 ዓ.ም. በደቡቡ ግዛት ጭሰኛው ነፃ ወጣ፤ ከዚያም የቤተ ሰብ ስም ተሰጠው፤ መሬቱ ግን የጌቶች እንደ ሆነ ቀረ። በ1840ዎቹ ዓመታት መከር በጠፋ ጊዜ፣ መሬት ይገኛል የሚል ወሬ ተሰምቶ ከ60,000 የሚበልጡ ኤስቶንያውያን ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ተስፋ ያደረጉት መሬት አልተሰጣቸውም፤ ቢሆንም ብዙዎቹ በሃይማኖቱ ጸኑ።

ከዚህ ልማድና እምነት ብዙው ዛሬ የሚታወቀው በአንድ የሉተራን ቄስ ትጋት ነው። ያዕቆብ ሁርት (1839–1907) በ1888 ዓ.ም. ሕዝቡ ዜማውን፣ ተረቱንና ልማዱን ጽፎ እንዲልክለት በጋዜጣ ለመነ። የመንደር መምህራንና ገበሬዎች ያሉባቸው 1,400 ያህል ሰዎች መለሱለት፤ የተሰበሰበውም ከ114,000 ገጽ በላይ ሆኖ በታርቱ ከተማ ተጠብቋል። ሁርት አጉሉን እምነት ለማጽደቅ አልደከመም። በየቤታችን ያሉትን ሽማግሎች ሳንጠይቅ የምናሳልፈው ምሽት ስንት ይሆን?