የተረፈ ጠጅ እንዴት ይቀመጣል?

ለፋሲካ ወይም ለሠርግ የተጣለ ጠጅ፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ጥቂት መትረፉ አይቀርም። በብዙ ቤት የተረፈው እዚያው በተጣለበት ዕቃ ይቆያል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲቀዳ ኮምጥጦ ይገኛል። ያን ጊዜ ማሩ ወይም ጌሾው ይወቀሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠጁን ያበላሸው ከላዩ ባዶ የቀረው ቦታ ነው።

ማር በውኃ ተበርዞ ሲቀመጥ እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል። ጠጁ በሚፈላበት ጊዜ ይህ ጋዝ ከላዩ ተኝቶ አየሩን ስለሚገፋ ጠጁ ራሱን ይጠብቃል። መፍላቱ ሲያበቃ ይህ መከላከያ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በተቀዳ ቁጥር የወጣውን ያህል አየር ይገባል፤ አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎችም በኦክስጅኑ ተጠቅመው ሥራ ይጀምራሉ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የወይንን ብልሽትና የኮምጣጤን አሠራር መርምሮ፣ ይህ የሕያዋን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን አስረድቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን አይበረቱም።

ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ዕቃውን ማሳነስ ነው። 20 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ 7 ሊትር ቢቀር፣ ጠጁ ከ13 ሊትር አየር ጋር ተዘግቷል ማለት ነው። ይህን ወደ አንድ ባለ 5 ሊትርና ወደ ሁለት ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ አዛውሮ እስከ አንገታቸው መሙላት ይሻላል። ጥቂት ቢጎድል ከዚያው ዓይነት ጠጅ ይጨመርበታል። እሱም ከሌለ፣ ታጥቦ የተቀቀለና የቀዘቀዘ የመስታወት ብይ ቢገባበት ደረጃውን ከፍ ያደርገዋል። በውኃ መሙላት ግን ጠጁን ያቀጥነዋል፤ አልኮሉ ሲቀንስ ደግሞ ለብልሽት ይበልጥ ይጋለጣል።

ሲዛወርም ከላይ ማንቆርቆር አየር ያስገባል። ንጹሕ ቀጭን ጎማ ተጠቅሞ ጫፉን ከጠርሙሱ ሥር አድርሶ በቀስታ ማውረድ ይገባል። አምቡላው እዚያው ይቅር፤ ብዙ ሲቆይ ጠጁን መጥፎ ሽታ ያሲዘዋል።

የዕቃው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጠርሙስ አየር አያሳልፍም። ፕላስቲክ ጀሪካን በዝግታም ቢሆን ስለሚያሳልፍ ለጥቂት ቀናት እንጂ ለወራት አይሆንም። ብረትና አሉሚኒየም ከጠጁ አሲድ ጋር ስለማይስማሙ ይቅሩ። የሸክላ ጋን ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ያለፈው ጠጅ ተሕዋስያን ተደብቀው ሊቆዩበት ይችላሉ። እናቶቻችን ጋኑን በደንብ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ጢሱና ሙቀቱ ተሕዋስያኑንም ይቀንሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ጠጅ ብዙ ጊዜ ያልተበላ ስኳር ይቀረዋል፤ እርሾው ካልሞተ መፍላቱን ሊቀጥል ይችላል። እንዲህ ያለው ጠጅ በጠርሙስ ተሞልቶ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ጋዙ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው፣ ስባሪውም ሰው ሊጎዳ ይችላል። አረፋ እስካለው ድረስ ክዳኑ ላላ ይበል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባውን ባለ ውኃ መክደኛ ከወይን መሥሪያ ሱቆች ማግኘት ይችላሉ። መፍላቱ የቆመ ሲመስልም ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለው ቅዝቃዜ እርሾውንም ባክቴሪያውንም ያዘገያል፤ አይገድላቸውም።

ጠጁ ኮምጥጦ ከተገኘስ? ማር ቢጨመርበት ጣዕሙን ይሸፍነዋል እንጂ አሲዱን አያጠፋውም። ከደህናው ጋር መቀላቀልም ደህናውን ማበላሸት ነው። የሚሻለው ጠጁ የጀመረውን ማስጨረስ፣ ማለትም ኮምጣጤ ማድረግ ነው። የፈረንሳይዋ ኦርሌአን ከተማ በወይን ኮምጣጤ ስሟ የገነነው እንዲህ ባለ ዘዴ ነው፤ ኮምጣጤ ሠሪዎቿ በርሜሉን ሆን ብለው ያጎድሉና አየር እንዲገባ ያደርጋሉ። በቤትም አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ግማሽ ድረስ ሞልቶ፣ ዝንብ እንዳይገባ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ለሳምንታት ማቆየት ነው። ጠጁ ብርቱ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይቅጠን። ከላዩ የሚሠራው ስስ ሽፋን የባክቴሪያዎቹ ነው፤ ጸጉራም ሻጋታ ከታየበት ግን ይደፋ። ኮምጣጤው ለሰላጣና ሥጋ ለመዘፍዘፍ ያገለግላል። የአሲዱ መጠን ስላልተለካ ግን አትክልት ለረጅም ጊዜ ለማቆየት አይታመንም።

ኪሎ ማር በተወደደበት በዚህ ጊዜ ጠጅ መድፋት ያሳዝናል። በሚቀጥለው በዓል ጠጅ የምትጥሉ ሁሉ፣ ከጋኑ ጋር ትንንሽ ጠርሙሶችም አብራችሁ አጥባችሁ አዘጋጁ፤ እንግዳው በተሸኘ ዕለት ማታ የተረፈውን እስከ አንገታቸው ሙሉባቸው።